ካንዴላ ለሌለው መኪና ካንዴላ

በሁርሶ በኩል አቧራውን እያስነሳ የሚያልፍ አንድ ሲኖትራክ ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ቢፈታ ካንዴላ አይገኝበትም። ከኋላው የሚከተለው አይሱዙም የለውም። ተሳቢ የሚጎትተው ትራከርም፣ ቦቴውም፣ አሸዋ የሚያመላልሰው ገልባጭም የላቸውም። ሁሉም የናፍጣ ናቸው፤ ናፍጣ ደግሞ በሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚይዘው በካንዴላ አይደለም።

ይህን ለሾፌር መንገር ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንደሚባለው ነው። ችግሩ ያለው ሾፌሩ ዘንድ አይደለም። መኪናውን በባንክ ብድር ገዝቶ፣ ከዚራ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በስልኩ ቪዲዮ እያየ «ለምን ይሄን አናስገባበትም?» ብሎ የሚደውለው ባለንብረት ዘንድ ነው። «ለትራክ ኃይል የሚጨምር ካንዴላ»፣ «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ፊልትሮ»፣ «ነዳጅ በ10 በመቶ ይቀንሳል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ከስልክ ስልክ ይዞራሉ። ሰዎቹ የሚሸጡት ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በገዢና በሻጭ መካከል ያልቅ ነበር። አብሮት የሚሸጥ ሌላ ነገር ግን አለ። ባለንብረቱ ዕቃውን ገዝቶ፣ አስገጥሞ፣ ነዳጁ ካልቀነሰ፣ የሚጠረጠረው ዕቃው አይሆንም። «ያ ሁሉ ብር ወጥቶበት እንዴት አይቀንስም? ናፍጣውን እየቀዳህ እየሸጥክ ነው!» የሚባለው ሾፌሩ ነው። ከደመወዙ የሚቆረጠውም እሱ ነው።

ውሸቱ ከየት መጣ ቢባል፣ አብዛኛው ከትርጉም ነው። አሜሪካዊ «ትራክ» ሲል ብዙውን ጊዜ ፒክአፕ ማለቱ ነው። በአገሩ ለአሥርተ ዓመታት በሽያጭ ቀዳሚ ሆኖ የቆየው የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ፒክአፕ በአብዛኛው በቤንዚን ይሠራል፤ ስድስት ወይም ስምንት ካንዴላ አለው። ባለቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ደጃፍ ላይ ካንዴላውን ይለውጣል፣ ቀይ የጥጥ ፊልትሮ ያስገባል፣ ሞተሩ ሲያገሳ ይደሰታል፣ ከዚያ ተቀምጦ ምስክርነቱን ይጽፋል። ያንን ጽሑፍ አንዱ ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ትራክ» የነበረው «የጭነት መኪና» ይሆናል። የጭነት መኪና ደግሞ እዚህ አገር ከጅቡቲ ወደብ 40 ቶን ይዞ የሚወጣ ተሳቢ ነው። አንዱ ቃል ሁለት ዓለም ተሻገረ፤ በመሃሉ ሻጭ ገባ።

የናፍጣ ሞተር አሠራር ቀላል ነው። አየር ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፒስተኑ ያንን አየር ከመጀመሪያው መጠኑ እስከ 16 እና 18 እጥፍ አጥብቦ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ናፍጣው በጭጋግ መልክ ሲረጭበት ራሱ ይነዳል። ብልጭታ የሚሰጥ የለም፤ አያስፈልግምም። ሩዶልፍ ዲዝል የመጀመሪያውን ስኬታማ ሞተር ያሠራው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነገሩ አዲስ ምሥጢር አይደለም። ለኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ይዞት የመጣው ትሬንታ ኳትሮ፣ ማለትም ፊያት 634፣ በናፍጣ ይሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱን ጭነት ተሸክሞ የከረመው ኤንትሬም የናፍጣ ነው። አያቱ በትሬንታ ኳትሮ፣ አባቱ በኤንትሬ ለሠራ ሾፌር ካንዴላ ገዝተህ ኃይል ጨምር ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሳል፤ ከሁርሶ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳይጠቀስ አይታለፍም። የሁርሶ ስም በመላው አገሪቱ የሚታወቀው በወታደራዊ ማሰልጠኛው ነው፤ ከወታደር ጋር ደግሞ ኦራል አይቀርም። «የድሮ ኦራል ካንዴላው ሲቀየር ይጎትት ነበር» የሚል አሮጌ መካኒክ ቢገኝ አልዋሸም። ከሶቪየት ፋብሪካ የወጣው የድሮው ኦራል፣ ኡራል 375፣ የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ስምንት ሲሊንደር፣ ስምንት ካንዴላ፣ 180 የፈረስ ጉልበት። በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 50 ሊትር ቤንዚን ይጠጣ ነበር። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የተተካው በኡራል 4320 ነው፤ ይህኛው በናፍጣ ይሠራል፣ 210 የፈረስ ጉልበት አለው፣ የሚጠጣውም ያነሰ ነው። ሶቪየቶቹ የመኪናቸውን ጉልበት ለመጨመርና ነዳጅ ለመቆጠብ ሲያስቡ የተሻለ ካንዴላ ፍለጋ አልሄዱም። ካንዴላውን ከነሞተሩ አውጥተው ጣሉት።

ለቤንዚን መኪናም ቢሆን «ኃይል የሚጨምር ካንዴላ» የሚባለው ተረት ነው። የካንዴላ ሥራ ክብሪት መጫር ነው። ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት የሚፈላው በእንጨቱ እንጂ በክብሪቱ አይደለም፤ ክብሪቱ አንዴ ካቀጣጠለ፣ ውድ ክብሪት ስለሆነ ውኃው ቶሎ አይፈላም። የኢሪዲየም ካንዴላ ጥቅም ሌላ ነው። ኢሪዲየም የሚቀልጠው ከ2,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ ጫፉ ቶሎ አይበላም፤ ስለዚህ ተራው ካንዴላ ከሚያገለግለው ብዙ እጥፍ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህ ዕድሜ ነው፣ ጉልበት አይደለም። ያረጀ፣ ጥላሸት የለበሰ፣ እሳት የሚዘል ካንዴላ ሲቀየር በእርግጥ መኪናው ይለወጣል፤ ግን በጣም ርካሽ በሆነው ተራ ካንዴላ ቢቀየርም ያው ይለወጣል። የድሬዳዋ ባጃጅ ነጂዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ካንዴላ አውጥተው በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው መልሰው ሲያስገቡ ባጃጁ ይነሳል፤ «ኃይል ጨመረ» ሲሉ ግን አይሰሙም።

ሌላም ማምታቻ አለ። አይሱዙን በመሰሉ መካከለኛ የናፍጣ መኪናዎች ላይ ካንዴላ የሚመስል ማሞቂያ አለ፤ አንዳንዱ እሱንም ካንዴላ ይለዋል። ሥራው በብርድ ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን ማሞቅ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ በጉልበቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ማለዳ ያስፈልጋል። ሁርሶ ላይ ግን ሌሊቱም ሞቃት ነው።

አሁን ወደ ፊልትሮው። እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ካንዴላው በአንድ ቃል አይዘጋም፤ ምክንያቱም ፊልትሮ በእርግጥ አለ፣ በእርግጥም ለሞተሩ ሕይወት ወሳኝ ነው። ውሸቱም የሚጣፍጠው ከዚህች እውነት ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቀርብ ነው።

ሲኖትራክ ሃዎ 371 ሞተሩ 9.7 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር፣ ተርቦው የሚጨምረው ሳይቆጠር እንኳ፣ በየደቂቃው ወደ 9,700 ሊትር አየር ይስባል። ያ ሁሉ አየር በፊልትሮው በኩል ሲያልፍ ወረቀቱ ትንሽ ይይዘዋል፤ አየሩ ትንሽ ግፊት ያጣል። «የተሻሻለ ፊልትሮ» ሻጭ ሙሉ ንግዱን የገነባው በዚህች «ትንሽ» ላይ ነው። ስንት ናት? ንጹሕ፣ ደረጃውን የጠበቀ የከባድ መኪና ፊልትሮ የሚያሳጣው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ፓስካል ነው። ከባሕር ጠለል በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ የአየሩ ግፊት ወደ 88 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ሂሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ሹፌሩ ፊልትሮውን ጭራሽ አውጥቶ ቢጥለው፣ አየሩም ምንም ሳይነካው ቢገባ፣ የሚገኘው ትርፍ ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ግፊት ነው፤ ያንንም ቢሆን አብዛኛውን ተርቦው አስቀድሞ ያካክሰዋል። «ፊልትሮ የለም» ከሚባለው በላይ አየር የሚያሳልፍ ፊልትሮ ደግሞ በዓለም ላይ አልተሠራም። ታዲያ 10 በመቶው ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በቤንዚን አውቶሞቢሎች ላይ የተደረገ ቢሆንም ትምህርት አለው። ተመራማሪዎቹ ዘመናዊ መኪናዎችን ሆን ብለው በታፈነ ፊልትሮ ነዷቸው። ነዳጁ ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን አይቶ ነዳጁን ስለሚያስተካክል። ለውጡ የታየው ፍጥነት አጨማመር ላይ ነው፤ የታፈነው በአዲስ ሲተካ ከ6 እስከ 11 በመቶ ተሻሻለ። ልብ በሉ፤ የተወዳደሩት የታፈነና ንጹሕ ናቸው። ተራ ንጹሕና ውድ ንጹሕ አይደሉም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ለአሥርተ ዓመታት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ፣ ጥቂቶቹ ትንሽ ለውጥ ከማሳየታቸው በቀር፣ ሻጮቹ ያሉትን ያህል ሲቆጥብ ያገኘው የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ «እኔ አስገብቼ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ መኪናው ተለውጧል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰውየው ላይዋሽ ይችላል። ሻጩ አዲሱን ዕቃ ያወዳደረው ለሁለት ዓመት አቧራ ሲበላ ከኖረ፣ በኮምፕሬሰር አሥር ጊዜ ከተነፋ፣ ዳሩ ከተላቀቀ ፊልትሮ ጋር ነው። ከዚያ አስከሬን ጋር ሲወዳደር ማንኛውም አዲስ ፊልትሮ ጀግና ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ጋራዥ ፊልትሮውን ሲገጥም በዚያው ፖምፓውን ትንሽ ይከፍተዋል፤ ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ ናፍጣ ይረጫል። በእርግጥም ይጎትታል! ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣው ይጨምራል፣ ተርቦውና ፒስተኑ ይግላሉ። ምስጋናው ወደ ፊልትሮው ይሄዳል፤ የናፍጣው ጭማሪ ደግሞ ወደ ሾፌሩ ሂሳብ።

(ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣው ጉልበት አንሷቸው አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ክፋት የለውም።)

ሁርሶ የዚህ ክርክር ትክክለኛ ሜዳ የምትሆነው በአቧራዋ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ የጥንቱን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ወደ ኤረር የሚዘልቀው ቆላ ደረቅ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ አሸዋና ጠጠር ማውጫ የሚገባ ገልባጭ የራሱን አቧራ ብቻ አይተነፍስም፤ ከፊቱ የሄደውን መኪና አቧራ ጭምር ይስባል። ያ አቧራ ለዓይን ዱቄት ይመስላል እንጂ ውስጡ የአሸዋ ብናኝ ነው፤ የአሸዋ ብናኝ ደግሞ ከሞተር ብረት ይጠነክራል። ከፊልትሮው ካመለጠ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። መጀመሪያ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ፤ ቀጥሎ ጠዋት አልነሳ ማለት፤ መጨረሻው ሞተር አውርዶ ማሠራት ነው።

ዘይት የተቀባው የጥጥ ፊልትሮ «አየር በደንብ ያሳልፋል» የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል። አየር በደንብ የሚያሳልፍ ግን አቧራም በተሻለ ያሳልፋል፤ ቀዳዳው አንድ ነው፣ በር ላይ ቆሞ አየሩን አስገብቶ አሸዋውን የሚመልስ ዘበኛ የለም። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከሚመጣበት አቧራ ከ99.9 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ፊልትሮዎች የሚፈተኑበትም አይኤስኦ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ሻጩ «ይህ ፊልትሮ በዚህ መለኪያ ስንት አመጣ?» ሲባል ወረቀት ካላሳየ ወሬው እዚያው ያበቃል። በተጨማሪም ጥጡ በጣም ዘይት ከተቀባ ዘይቱ በአየሩ ተወስዶ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ ያለውን የአየር መለኪያ ሴንሰር ያበላሻል፤ ትንሽ ከተቀባ ደግሞ አቧራው ያልፋል። ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ የሚያድር ረዳት፣ ውኃ በጀሪካን ከሚገዛበት ቦታ ላይ፣ ይህን ፊልትሮ በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይቱን በልኩ ቀብቶ መልሶ ይገጥማል ብሎ የሚያስብ ሰው ረዳት ሆኖ አያውቅም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ ጎን የሚገጠመው ሾጣጣ ፊልትሮ ነው። የከባድ መኪና ፋብሪካዎች የአየር መሳቢያውን ከጋቢናው ኋላ ሽቅብ የሰቀሉት ለውበት አይደለም፤ እዚያ አየሩ የቀዘቀዘና አቧራው ያነሰ ስለሆነ ነው። አየር በየ3 ዲግሪው ሙቀት 1 በመቶ ያህል ይሳሳል። ከሞተሩ ጎን በ30 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ቢኖር አየሩ ወደ 10 በመቶ ሳስቶ ይገባል። 10 በመቶ የተባለው እዚህ ተገኘ ማለት ነው፤ ግን በቅናሽ በኩል።

ለባለንብረቶቹ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ታጥቦ የሚመለስ ፊልትሮ የሚመኙት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው የት እንደደረሰ ሶማሌ ተራ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ናፍጣ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ሆነ። የተጨነቀ ሰው ገመድ ይፈልጋል፤ ሻጩ ደግሞ የሚያቀብለው የጭድ ገመድ ነው። ትልቁ በደል ይህ ነው፤ የሚነግዱት በሰው ጭንቀት ነው።

ሂሳቡ በዚያው ዋጋ ይሠራ። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር የሚወስድ መኪና ከድሬዳዋ በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ 120 ሊትር፣ ማለትም ወደ 11,900 ብር ያስፈልገዋል። 10 በመቶ ማለት በአንድ ጉዞ ወደ 1,190 ብር ነው። አንድ ፊልትሮ በእርግጥ ይህን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ቮልቮ፣ ስካኒያና ሲኖትራክ ከፋብሪካ ሲወጣ ገጥመውት ይመጡ ነበር። እነዚህ ኩባንያዎች 1 በመቶ ነዳጅ ለመቀነስ የጋቢናውን ቅርጽ እስከመቀየር የሚደርሱ ናቸው። የ10 በመቶው ምሥጢር ለእነሱ ተሰውሮ ለአንድ የቴሌግራም ሻጭ የተገለጠበትን ምክንያት የሚያስረዳ አልተገኘም።

ናፍጣው የሚሄድበትን ለማወቅ የፈለገ ባለንብረት ግን ሌላ ቦታ ይመልከት። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ያለው አቀበት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ይወጣል። በአጠቃላይ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ብቻ ለመውጣት፣ የጎማው መጎተት ሳይታሰብ፣ ከ25 ሊትር ያላነሰ ናፍጣ ያቃጥላል። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በፊልትሮ አይሸወድም። በላዩ ላይ የተጫነ እያንዳንዱ ትርፍ ቶን ወደ ሁለት ሦስተኛ ሊትር ይጨምርበታል። 5 ትርፍ ቶን ያስጫነ ባለንብረት በዚያች አቀበት ብቻ ከ3 ሊትር በላይ ራሱ አቃጥሏል፤ ከዚያ ግን ደውሎ የሚቆጣው ሾፌሩን ነው።

ተራ መጠበቅም አለ። ከባድ የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ይወስዳል፤ በዚያው ዋጋ 300 ብር ገደማ። ኬላ ላይ፣ ሚዛን ላይ፣ ማራገፊያ ላይ አምስት ሰዓት ሳይጠፋ የቆመ ሞተር 1,500 ብር ጨረሰ። የጎማ ንፋስ አለ፤ ጎሚስታ ዘንድ በጥቂት ብር የሚስተካከል፣ ግን ማንም ቪዲዮ የማይሠራለት። ያረጀ ኖዝል አለ፤ ከመርጨት ይልቅ የሚያንጠባጥብ። የሚያፈስ የተርቦ ቱቦ አለ፤ ሞተሩ የለፋበትን አየር መንገድ ላይ የሚበትን። የአቀበት ማርሽ የሚያውቅ ሾፌርና የማያውቅ ሾፌር ልዩነትም አለ፤ ያ ልዩነት ከየትኛውም ጌጠኛ ዕቃ ይበልጣል፤ የሚገኘው ግን ሾፌሩን በደንብ በመክፈልና በማቆየት ነው። ይህን ደግሞ ባለንብረቱ መስማት አይፈልግም። ለፊልትሮ ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣው እጅ፣ ለሾፌር የቀን አበል ሲሆን ይታጠፋል።

የመንግሥት አካላትም ከወቀሳ አያመልጡም። ቦሎ ሲለጠፍ ፍሬንና መብራት ይታያል፤ ማርሚታው የሚተፋው ጥቁር ጭስ ግን ዋና ከተማው ድረስ እየሄደ ለዓመታት ማንም ለምን ሳይለው ቆይቷል። ያ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ። መለዋወጫ ደግሞ «ኦሪጅናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ውስጥ ገብቶ እስከተሸጠ ድረስ ወረቀቱ አቧራ ይያዝ አይያዝ የሚለካ አይታይም። የስንዴ ዱቄት በደረጃ የሚፈተንበት አገር፣ የሚሊዮን ብሮችን ሞተር የሚጠብቀው ወረቀት በእምነት ብቻ እንዲሸጥ መተው የለበትም። «ነዳጅ ይቆጥባል» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሻጭ የፈተና ውጤቱን አብሮ እንዲለጥፍ ማስገደድ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

ከዚህ በፊት ግን ባለንብረቱ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው አለ። መኪናው ናፍጣ በዛበት ሲባል ከሾፌሩ ደመወዝ ከመቁረጡ በፊት ጭሱን፣ ጎማውን፣ ኖዝሉን፣ የጭነት ደረሰኙን አብረው ይዩ። ሾፌሩ የሌባ ስም የሚሰጠው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ይሁን። በጎሚስታ ኮምፕሬሰር ፊልትሮ ማስነፋትም ይቁም፤ ለጎማ የተሠራ ግፊት ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ቀዳዳ ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ፊልትሮው ንጹሕ የሚመስለው አቧራውን እያሳለፈ ስለሆነ ነው። በነገራችን ላይ፣ ትንሽ የቆሸሸ ጤነኛ ፊልትሮ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፤ የያዘው አቧራ ራሱ ሌላ ማጣሪያ ይሆናል። በየሳምንቱ አውጥቶ የሚያራግፈው ትጉህ ረዳት ሳያውቅ ጉዳት ያደርሳል፤ ባወጣው ቁጥር አቧራው ወደ ንጹሑ ወገን ይራገፋል።

መቼ እንደሚቀየር የሚናገር መሣሪያ ደግሞ በብዙ ከባድ መኪና ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ ይመጣል። ከፊልትሮው ቤት በኋላ ባለው ቱቦ ላይ የተሰካች ትንሽ ጠቋሚ ናት፤ ብዙ ተርቦ ያላቸው ሞተሮች ላይ ግፊቱ በ6 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲወርድ ቀይ ታሳያለች። ቀይ ካላሳየች ፊልትሮው አልታፈነም፤ ያልታፈነ ፊልትሮ በምንም ዓይነት ፊልትሮ ቢቀየር መኪናው ኃይል አይጨምርም። ይህችን ጠቋሚ ለማየት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ተሰብራ ወድቃ ቀዳዳዋ በፌስታል የታሰረበት መኪና ካለ ግን ከሁሉ በፊት እሱ ይደፈን፤ ቀዳዳው ያለው በተጣራው አየር በኩል ስለሆነ፣ የሁርሶ አቧራ የወረቀቱንም የጥጡንም ፊልትሮ ሳያይ በዚያ በኩል በቀጥታ ወደ ተርቦው ይገባል።